ሳቢያን፣ ረምዚ ጋራዥ

ረምዚ ከመኪናው ሆድ ሥር ተንጋልሎ፣
«ነዳጅ ይበላብኛል፣ አውጣልኝ» ተብሎ፣
ቆረጠው በመጋዝ።
ታይዋን ገበያ ገዢ አለው፣ ሚዛን የሚይዝ።

ውስጡ ሰፈፍ ይመስላል፤ ማር ግን የለው።
«ይሄ» አልኩት መብራት ይዤ፣ «ሥራው ምንድን ነው?»

«ሽማግሌ ነው» አለኝ፣ ላቡን ጠርጎ በክንዱ፤
«በመርዝና በአየር መሀል ቁጭ ብሎ ያስማማል፤
ሁለቱ ሌላ ሆነው ተቃቅፈው ሲሄዱ
እሱ እንደነበረ እዚያው ይቀመጣል።
አበል አይጠይቅ፣ አይቆርስ ከማዕዱ።»

«ታዲያ ለምን ቆረጥከው?» አላልኩም። ብሩ ተቆጠረ።

ማታ፣ ደቻቱ ድልድይ ላይ፣ ያው መኪና አለፈን፤
ጭሱ ግን ከእኛ ጋር ድልድዩ ላይ ቀረ።
ረምዚ በሽርጡ ጫፍ አፍንጫውን ይዞ
ሳለ፣ ደጋግሞ ሳለ።
እሱም ዝም፣ እኔም ዝም፤
መሀል ላይ የሚያስማማን ሽማግሌ የለም።