ማንገቻ

ከቆርቆሮው ትሪ አንስቼ ያዝኳት፣
በጥቁር ቀለም «አሥራ ሰባት» ተጽፎባት።
ቀጭን ናት፣ ጠማማ፣ ከጭራሮ የማትሻል፤
ቢያስነጥሱባት የምትወድቅ ይመስላል።
ዶክተር ሐምዲ ጠየቁኝ፦ «ቀኝ ናት ወይስ ግራ?»
ጣቴ ያውቃታል፤ አፌ ግን ፈራ።

«በላቲን» አሉ፣ «ትንሿ ቁልፍ ማለት ነው፤
በማኅፀን ሳለን ቀድማ የምትጠነክረው፣
ሃያ ዓመት አልፎን ገና የምትጨርሰው።»
እኔ ግን ስሟን በሌላ ነው የማውቀው።

ሂርማታ፣ መጋዘን በር፣ አባቴ ተማም
ስድሳ ኪሎ ሲሸከም ቃል አይወጣውም።
«ማንገቻዬ» ይላት ነበር። ሌላ ስም የላትም።
ጠመንጃ ኖሮት አያውቅ፤ የሚያነግተው ቡና፣
ሲመለስ ደግሞ ጨው፣ ከመጣ በጭነት መኪና።

አንድ ቀን፣ በሰኔ፣ ሳንቃው ዝናብ ጠጥቶ፣
እግሩ ከዳችው፤ ጆንያው ተንሸራቶ —
ቀጭ!
እንደ ደረቅ ሸንኮራ።
ወጌሻው አባ ፎጊ ከጅረን ተጠራ፤
በቅቤ አሽቶ፣ በነጠላ ጠፍሮ፣
ገጠመች፤ ግን ቀረች እንደ ገመድ ቋጠሮ።

የስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ትከሻው ላይ አዌቱን ስንሻገር፣
እጄ ያችን ቋጠሮ ፈልጎ ይይዝ ነበር፣
እንደ በር እጀታ።
አንድ ቀን አልወደቅኩም፣ ወንዙ ሞልቶ ሲያስገመግም ማታ።

«ወፍ» አሉ ዶክተሩ፣ «ሁለቱን ገጥማ አንድ ታደርጋለች፣
ክንፏን ባራገበች ቁጥር እንደ ሞላ ትከፍታታለች።
በቅሎና ፈረስ ግን ይቺ አጥንት የላቸውም፤
ትከሻቸው በሥጋ ተንጠልጥሎ ነው የሚቆም።
ለመሸከም አታስፈልግም።»

ብዕሬ ቆመ።
ለመሸከም ካላስፈለገች፣
አባቴ ላይ ታዲያ ለምን ተሰበረች?

«ለመዘርጋት ናት» አሉ፤ «ክንድ ከደረት እንዲርቅ፣
ጦጣ ቅርንጫፍ እንዲይዝ፣
ሰው ሰውን እንዲያቅፍ፣ ሲብስም እንዲያንቅ።»
ክፍሉ ሳቀ።
እኔ አሥራ ሰባትን አየኋት፤
ማንን አቅፋ ይሆን፣ ቁጥር ሳይጻፍባት?

ማታ ቦሳ ስገባ፣ በርጩማው ላይ ተቀምጧል፤
ሬዲዮው ባትሪ ጨርሶ እንደ ንብ ያጉረመርማል።
ለሰላምታ ሁልጊዜ ግራ ትከሻውን ነው የሚሰጥ፤
ያኛውን ይሸሽጋል፣ እንደ ሰው ዕቃ፣ እንዳይሰጥ እንዳይሸጥ።
ዛሬ ዞርኩና
ያችን ቋጠሮ በመዳፌ ከደንኩ፣
ከሸሚዙ በላይ። ሙቀቷ እስኪሰማኝ ቆየሁ።
«ቀኝ ናት» አልኩት።

«ምኗ?» አለ።