ውሉ የጠፋ ውል

ከካውናስ ዳርቻ፣ ከሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
ሾፌሮቹን ሁሉ በቁጥር ነው የማይ።
አራት መቶ ዐሥራ ሰባት ማለት ታላይ ነው፤
የኪርጊዝ ሰው፣ ከአት-ባሺ፣ ተራራ ያሳደገው።

ውሉን የፈረመው ከጋራዡ በር ላይ፣
በመኪና ኮፈን፣ ቆሞ፣ ካፊያ ሲወርድ ከሰማይ፤
ዐሥራ ዘጠኝ ገጽ ነው፣ በማያውቀው ቋንቋ የተጻፈ፤
«እዚህ ጋ… እዚህም ጋ…» እያልኩ ጣቴ ከገጽ ገጽ አለፈ።
ብዕሩን ያቀበልኩት እኔ ነኝ። አመሰገነኝ፣
ክዳኑን ገጥሞ መልሶ ሰጠኝ።

ወር በመጣ ቁጥር ይመጣል ወረቀቱ፤
በግራው ደመወዝ፣ በቀኙ ቅጣቱ።
አልፕስን ሲወጣ ነፋስ ፊቱን ገፋው፣
ከተፈቀደለት ነዳጁ አለፈው፤
ሠላሳውን ሊትር ከሱ ላይ ቀነስኩት፤
ከነፋስ ጋር ውል የለን፣ ነፋሱን አልከሰስኩት።

ሊየዥ አጠገብ፣ ሌሊት፣ ተኝቶ በጋቢና፣
ሌባ ሸራ ቀዶ ጫማ ጭኖ ሄደና፣
«ለምን ተኛ?» አለ አለቃዬ፣ «ስድስት መቶ ጻፊ።»
በማግሥቱ ሳይተኛ ነዳ።
«ለምን አልተኛም? ሁለት መቶ ጻፊ።»

ወንበሩ ላይ የዳቦ ፍርፋሪ፦ ሠላሳ።
ስልክ ያላነሳበት ሌሊት፦ ሃምሳ።
መንጋጋውን ሊያስነቅል የቆመ ለታ
የውሎ አበሉ ከነጥርሱ ተነሳ።

ሥራውን ቢለቅስ? ያም ዋጋ አለው፤
ሦስት ሺህ ዩሮ ነው።
መኪናውን መንገድ ላይ ጥሎ ቢወርድ፣ እጥፍ ነው።
ሲገቡ በነጻ፣
ሲወጡ በክፍያ፤ እንዲህ ያለ በር ነው።

በኅዳር ደመርኩ፤ ቀነስኩ፤ ደገምኩት፤
ማሽኑ ተሳስቶ ነው ብዬ አጥፍቼ አበራሁት።
ከዜሮ በታች ነው።
ሠላሳ ቀን ነድቶ፣ ስድስት አገር አቋርጦ፣
በማቀዝቀዣ ተሳቢ የሰው ዓሣ፣ የሰው ቲማቲም አድርሶ፣
ታላይ የእኛ ባለዕዳ ነው፤ አርባ አንድ ዩሮ ከሃያ ሳንቲም።
ደሙንም ሰጥቶ፣ ወዙንም ሰጥቶ፣
ደመወዙ ብቻ ጠፋ።

ደወለ። አልጮኸም።
ከኋላው ዝናብ የጋቢናውን ጣሪያ ይደበድባል።
«ራሙኔ» አለኝ፣ «አባቴ ፈረስ ነበረው።
ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ ሣር ያበዛል።
አባቴ ክፉ ሰው ነበር፣ አልዋሽሽም፣ እኛን ይገርፈን ነበር፤
ግን ፈረሱን
የበላኸውን ሣር ክፈል አላለውም።»

ከዚያ ስለ ቡሩል ነገረኝ፣ ስለ ሚስቱ፤
ከሰል በዱቤ ወስዳለች፣ የሱን ብር ተማምና።
ምን ልበላት አለኝ። እኔ ምን ልበለው?
«እንግዲያው ያን ውል አንብቢልኝ፣ ቀስ እያልሽ።»
ጀመርኩ፤ አንቀጹ ወደ ሌላ አንቀጽ ይመራል፣
ያኛው ወደ አባሪ፣ አባሪው ወደ መጀመሪያው፤
አራተኛው ገጽ ላይ
ውሉ ጠፋኝ።
እሱም ገባው መሰለኝ፤ «ይብቃሽ» አለ።

በዚያ ጠዋት አንድ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ነበር፦
ቀኝ መስታወት፣ ጭረት፣ ሁለት መቶ ሰማንያ፣ ቁጥር አራት መቶ ዐሥራ ሰባት።
መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት።
ጀግንነት አይደለም፤ ጀግና ብሆን እቀደው ነበር።
እጄ ነው እንቢ ያለኝ።

በታኅሣሥ የራሴን ደመወዝ ከፈትኩ።
በቀኝ በኩል፣ ስድስት ዓመት ባዶ በነበረው መስመር፣
«ቅጣት ሳትመዘግብ በመቅረቷ፦
ሁለት መቶ ሰማንያ።»

ዞር አልኩ። ከኋላዬ ዶቪሌ
አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች፤
እኔም እንዲያ ነበርኩ፣ ቀና አልልም ነበር።

መሳቢያውን ሳብኩ። ከታላይ ጭረት ሥር
የኔ ውል ተኝቷል፣ ጥጉ እንኳ ሳይታጠፍ።
በአፍ መፍቻ ቋንቋዬ ነው የተጻፈው።
አንድም ቀን አላነበብኩት።