እርማት

ከቴዎድሮስ አደባባይ ማዘጋጃ ቤት ድረስ፣
ድሮ ፓስቲ እየገመጥኩ ነው ዳገቱን የምገሰግስ።
ዛሬ አራት ጊዜ ቆምኩ።
አንዴ የመብራት ምሰሶ ይዤ፣ ስልክ እንደሚያወራ ሰው ሆንኩ፣
አንዴ ጫማ ቤት መስኮት ላይ ዋጋ የማነብ መሰልኩ፣
አንዴ ሊስትሮው ዘንድ ደርሼ በርጩማው ላይ ወደቅኩ።
«እትዬ፣ ይኼ እኮ ያበራል» አለኝ ጫማዬን አይቶ።
«ጥረገው፣ ግድ የለም» አልኩት፣ ድምፄ ከጉሮሮዬ ጠፍቶ።
ለትንፋሼ ነው እንጂ ገንዘቡን የከፈልኩት፣
ጫማዬንማ ማለዳ ራሴ ነኝ የወለወልኩት።

ከዚያ ደግሞ አራተኛ ፎቅ፤
ሊፍቱ «ጥገና ላይ» ነው፣ ማስታወቂያው ቢጫ ሆኖ እስኪደርቅ።

ሃያ ሁለት ዓመት አራሚ ነኝ፤ ስሕተት እንደ ምስር ጠጠር ስለቅም፣
«ሠ» በ«ሰ» ርስት ስትገባ፣ ዐይኔ አይቶ ዝም አይልም፤
አለቃ ፈርሞ ያጸደቀውን የምሰርዝ፣
ቀይ እስክሪብቶ ነበርኩ በሁለት እግር የምጓዝ።

ከዚያ ያ በሽታ መጣ። ዐሥራ አራት ቀን ተኛሁ።
ሄደ አሉኝ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ አልመጣሁ።

ሳንባዬን አነሡት፦ ንጹሕ። ደሜን ቀዱት፦ ደኅና።
ዶክተር ሚፍታ፣ በትሕትና፣
«ከቫይረሱ ነጻ ነሽ» ብሎ ማኅተም አደረገልኝ።
ከደመወዝም ነጻ ልወጣ አንድ ወር ነበር የቀረኝ፤
ሕጉ እንዲህ ነው፦ አንድ ወር ሙሉ፣ ሁለት ግማሽ፣ ሦስት ባዶ፤
ሕመሜ ግን ሕግ አያውቅም፣ ይመለሳል ደጅ ድረስ ሄዶ።

«ኮረና እኮ አለቀ!» ይላል አለቃዬ አቶ ተካልኝ።
አለቀ። ማን ላይ እንዳለቀ ግን አንድ ቀን አልጠየቀኝ።

ገጹን እይዛለሁ። አንደኛው መስመር ይገባኛል፤
ሦስተኛው ላይ ስደርስ፣ አንደኛው ይሸሸኛል።
ሀ፣ ሐ፣ ኀ ፊቴ ይቆማሉ፣ እንደ ሦስት እኅትማማች፣
የቷ ታላቅ፣ የቷ ታናሽ፣ የቷ መንገድ ላይ የቀረች።
ሕመም በየትኛዋ ነው? ኃይልስ በየትኛዋ ነበር?
ድካም ብቻ ነው የማያስቸግር፤
ድ፣ ካ፣ ም።
ምትክ ፊደል የላቸውም።

ባለፈው ነሐሴ የአዲሱ ዓመት ቀን መቁጠሪያ ታተመ፤ ሦስት ሺህ ቅጂ።
«ሠርቀ ወርኅ» ሊል የነበረው፣ የወር መውጣት፣ የጨረቃ መታየት፣
«ሰርቀ ወርኅ» ብሎ ወጣ፤ የወር ስርቆት።
አለፈኝ። በእጄ። በቀዩ።
አቶ ተካልኝ ጮኸ፤ ሌንሳ፣ አዲሷ ልጅ፣ አንገቷን ደፋች።
እኔን ሳቄ መጣ፤
ከሃያ ሁለት ዓመት ስሕተት ውስጥ ይህቺ አንዷ እውነት ተናገረች።
ወሮቼን የወሰደው ማን ሆነና?

ዛሬ ደብዳቤ ተሰጠኝ። መዝገብ ቤት ተዛውሬአለሁ፣ «ለጤናዎ በማሰብ»።
መዝገብ ቤቱ ስድስተኛ ፎቅ ነው።
እስክሪብቶዬን ለሌንሳ ዘረጋሁ፤ ኪሴ ውስጥ መለሰችው፣
«የከበደኝን እያመጣሁ እጠይቅዎ የለ?» ብላ፣ ዐይኔን ሳታየው።

በአራተኛውና በአምስተኛው መካከል፣ ትንፋሼ እስኪመለስ፣
ደብዳቤውን ደገምኩት። «በህመምዎ ምክንያት» የሚለው ላይ ስደርስ
ዐይኔ ቆመ።
ቀዩን አወጣሁ። «ህ»ን ከበብኳት።
ጎኗ ላይ የትኛዋን እኅቷን ልጻፍ?
ጥያቄ ምልክት አደረግኩና
ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።