ቀሪ

ሰኞ ጠዋት ከመምህራን የሚደርሰኝ ወረቀት
በዕብራይስጥ ነው፤ እኔ ግን በአማርኛ ነው የማነብበት።
አስራ ሰባተኛው መስመር፣ አቪሻይ መኩሪያው፣
"ኔእዳር" ይላል ከስሙ ትይዩ፣ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው።
የለም ማለት ነው፣ አልመጣም፣ አልታየም፤
በእኛ ግን "ቀሪ" ነው፤ ይህ ቃል አያስተኛኝም።

ቀረ፦ ሳይመጣ ቀረ።
ቀረ፦ ሌላው ሲሄድ እሱ ግን ኖረ።
ባለ ሁለት ስለት ቃል ነው፣ ወዲያም ወዲህም ይቆርጣል፤
የሄደውም ቀሪ፣ ያልሄደውም ቀሪ ይባላል።
ደመወዝ የሚከፈለኝ፣ ወንበሬም ስልኬም
የፊተኛውን ቀሪ ወደ ኋለኛው ለመተርጎም።

ደወልኩ። የአሽቀሎን የባሕር ነፋስ
መስኮቴን እንደ አበዳሪ ያንኳኳል፣ አንዴ ጠንከር አንዴ ለስለስ።
"ሁሉም በሰዴር" አለኝ። በሰዴር! ደህና ነው ማለቱ፤
ይህን ቃል የምሰማው ደህና ካልሆነ ሰው ነው በብዛቱ።

አባቱ፣ አቶ መኩሪያው፣ ከሕንፃ መሰላል ወድቀው
ወገባቸው አልድን ብሎ፣ ከበረንዳው ውለው፣
የመድን ቢሮ ደብዳቤ ሲመጣ በየወሩ
ልጃቸው ነው ዓይናቸው፣ ልጃቸው ነው የሚናገሩበት አፉ።
ቀን አስተርጓሚ፣ ሌሊት የመጋዘን ጫኝ፣
መሐሉ ላይ ተማሪ። "ስንት ሰው ነኝ?" አለኝ።
ዝም አልኩ። "ይቅርብኝ" አለ፣ "ትምህርቱ ይቅርብኝ፣
ታናሾቼ ይማሩ። አንቺም አትደውዪልኝ።"

እኔም አንድ ጊዜ ይቅርብኝ ብያለሁ።
ቤርሼባ፣ የነርስ ትምህርት፣ ሦስተኛው ሴሚስተር፣ አስታውሳለሁ፤
ነጭ ጋውኔን በፌስታል አጣጥፌ ይዤ
ከአውቶቡስ ጣቢያው ወንበር ሁለት ሰዓት ተክዤ
አንድ ሰው ይደውላል ስል ማንም አልደወለም።
አውቶቡሱ መጣ፤ ተሳፈርኩ፤ ከዚያ ወዲህ አልወረድኩም።

ስለዚህ ምክር አልያዝኩም። ምክር ከንፈር ብቻ ይፈጃል።
የያዝኩት ቅጽ ነው፤ ቅጽ ደግሞ ፊርማ ይፈልጋል፦
በውሰት አንድ ኮምፒውተር፣ ለሁለተኛ ዙር ፈተና ፈቃድ፣
ለሦስት ወር የተሞላ የአውቶቡስ ካርድ።
እኩለ ሌሊት ላይ ከመጋዘኑ በር ቆምኩ፣
ዘበኛው "የማን እናት ነሽ?" ቢለኝ "የማንም" አልኩ።
ወጣ። ካርቶን የላጠው ጣቱ በፕላስተር ተጠቅልሎ
የመኪናዬን ኮፈን ተደግፎ ፈረመ፣ ቶሎ ቶሎ።
አላመሰገነኝም። ደስ አለኝ።
ምስጋና ስንብት ይመስለኛል፤ መመለሱ ነው የሚበልጥብኝ።

ሉድሚላ የምትባል አለች፣ ከኦዴሳ የመጣች፣
ጡረተኛ መሐንዲስ፣ ሻይ በጃም የምትጠጣ ነች።
ንጋት ላይ፣ ከፈረቃ ሲወጣ፣ ሳይገባ ከቤት
በወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ሂሳብ ታሠራዋለች በሰባራ አንደበት።
የእሷ ዕብራይስጥ በሩስኛ ያነክሳል፣ የእሱ በድካም፤
ኤክስ ግን በየትም አገር ኤክስ ነው፣ ዘዬ የለውም።
ሲያንቀላፋ በእርሳስ ጣቱን ቸብ ታደርገውና
ሲያካፍል የተረፈውን እያሳየች፣ "ገና፣ ገና!
ቀሪውን አትጣለው፣" ትለዋለች፣
"መልሱ እሱ ዘንድ ነው፣" ትለዋለች።

ውጤቱ ወጣ። ማለፊያው ስልሳ፣ የእሱ ስልሳ አንድ።
እልል ያለ የለም። አንዲት ነጥብ፣ ቀጭን እንደ ገመድ።
አቶ መኩሪያው መነጽር አስፈለጉ፣
ስልኩን ከልጃቸው እጅ ተቀብለው ወደ ብርሃን ጠጉ፤
ቁጥር ነውና ማንም አልተረጎመላቸውም፣
"ስልሳ አንድ" አሉ ለራሳቸው። ሌላ አልጨመሩም።

ዛሬም ሰኞ ነው። አስራ ሰባተኛው መስመር ባዶ፤
አቪሻይ ቀርቷል፣ በኋለኛው ትርጉም፣ ወንበሩን ወርሶ፣ ለምዶ።
እስከ መቼ? አላውቅም። የሚቀጥለው ፈተና በየካቲት ነው።
የአባቱ ወገብ እንደነበረ ነው። መጋዘኑም ያው ነው።

ሃያ ሦስተኛው መስመር፣ ሄፍጺባ ውቤ፣ ሁለተኛ ሳምንት።
ስልኩ ይጠራል።
ይጠራል።
ነፋሱ መስኮቱን ይነቀንቃል።
አላነሳችም።
ቁጥሯን ደግሜ ነካሁት።