የድንች ማኅተም

ከሱቅ የመጣ ካርድ በረዶ ለብሷል፤
ጥዱ ነጭ፣ ጣሪያው ነጭ፣ ሽማግሌው ደግሞ በጠጉር ቆብ ተኮፍሷል።
እኛ ግን እዚህ ነን፣ ቺሎዌ ደሴት ላይ፣
ገናችን በበጋ፣ በረዶ የት ሊታይ?
ያለን ዝናብ ብቻ፣ ከቆርቆሮው በላይ
ሲጨፍር የሚያድር፣ ሲነጋም ያላባራ፣
አጥር የሚያበሰብስ፣ ቀኑን ሙሉ ከባሕሩ ጋር የሚያወራ።

«በረዶ ምንድን ነው?» አለችኝ ሚሬያ፣
መቀሷን አስቀምጣ፣ ቀና ብላ ወዲያ።
እኔስ የት አውቄ! የማውቀው በረዶ
የዓሣ ፋብሪካ ነው፤ በአካፋ ተዝቆ፣ ሣጥን ውስጥ ተንዶ፣
ሳልሞን የተኛበት፣
እጄን ዐሥራ አንድ ዓመት ያደነዘዘበት።
«ያማል» አልኳት እንጂ፣ «ያምራል» አላልኳትም።
እሷም ከዚያ ወዲያ በረዶ አልሳለችም።

ወረቀት ከየት መጥቶ! የአጃ ካርቶን ነበር፤
ውስጡን ወደ ውጭ ስንገለብጠው ግራጫ ሆኖ ወጣ፣ ልክ እንደኛ መንደር።
የዱቄት ሙጫችን ምድጃው ላይ ፈላ፣
ቀለም ቀይ ሥር ሰጠን፤ ጥቁሩን ከጭስ ማውጫው ፋቅሁት በቢላ።
ማኅተሙ ድንች ነው።
(በእኛ ደሴት ድንች ዓይነቱ ብዙ ነው፤
ሐምራዊው፣ ዥንጉርጉሩ፣ ጣት የመሰለው።
እናቴ ሁሉንም በስሙ ትጠራው ነበር፤
እኔ ግማሹን ረሳሁ። ያሳፍራል፣ ግን ይነገር።)

ለሁለት ሰንጥቄ ኮከብ ቀረጽሁበት፤
አንዱ ጫፉ ግን ተሰብሮ ጎደለበት።
«ምንም አይደል» አለ ታዴኦ፣ «የእኔም ወልቋል ትናንት»፤
ከንፈሩን ገልጦ ድዱን አሳየኝ፣ ባዶዋን ቦታ፣ የወተት ጥርስ የነበረባት።
ሌላውን ግማሽ ጀልባ አደረግነው፤
ጀልባ ከሌለ ኮከብ እዚህ ማንን ይመራል?
ኔልዳ አራት ዓመቷ ነው፤ ወረቀት አይበቃት፤
ጠረጴዛውን አተመች፣ ድመቷን አተመች፣
ግንባሯንም አትማ አገኘኋት ማታ ሳጥባት።

«ስንት ቤት ነው ያለን?» ተቆጠረ በጣት፤
ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ ጀልባ ማሰሪያው፣
ዐሥራ ሦስት ካርዶች፣ ለዐሥራ ሦስት ቤት።
«ዐሥራ ሁለት ይበቃል» አልኩ።
«ለዶን ኤራስሞስ?» አለች ሚሬያ። ዝም አልኩ።
እኛና እሱ ሰላምታ ካቆምን ዘጠኝ ዓመት ሆነን፤
አባቴ በሞተ ሳምንት
አጥሩን ሁለት እርምጃ ወደኛ ገፋብን።
ሁለት እርምጃ መሬት! ድንች ብትዘራበት ድስትህን አይሞላውም።
እኔ ቂም ዘራሁበት፤ በየዓመቱ በቀለ፣
ውርጭ አይነካውም፣ ትል አይበላውም።

«እሱም እኮ በር አለው» አለች፤ ነገሩ በዚያ አለቀ።
ስም ጻፊ አሉኝ። እስክሪብቶው እጄ ላይ ደረቀ።
ስሜን ትቼ ማኅተሙን፣ ጎዶሎውን ኮከብ፣ ቀይ ሥር ውስጥ ነክሬ
ተጫንሁት ከግርጌ፣ ፊደል እንዳልቆጠረ ገበሬ።

ታዴኦ ይዞ ሮጠ፤ ዝናቡ እንደ ልማዱ፤
እኔ ከመስኮቱ ጥግ፣ መጋረጃ ይዤ፣ ሰው እንዳያየኝ ከመንገዱ።
ሰውየው ወጣ። ካርዱን ወደ ዓይኑ አስጠጋ፣ አራቀ፣
ከፍቶም የአጃውን ማስታወቂያ ሲያነብ ቆየ፤
ቀና ብሎ ደግሞ ሰማዩን አየ፤
ኮቱን ከፈተና ከዝናቡ ደበቃት።
ሌላ ነገር የለም። አጥሩ ያው አጥር ነው፤
ሁለት እርምጃዋም ያው ሁለት እርምጃ ናት።

ማታ ማኅተሞቹን አጥበን ከሾርባው ጨመርን፤
ድንች አይጣልም በእኛ ቤት፣ ኮከብም ቢሆን።
ታዴኦ ሳህኑ ውስጥ አገኛት፣ ጫፈ ጎዶሎዋን፣
ቀይ ሆና ስትንሳፈፍ። ማንኪያውን አቆመ።
«ይቺ እንኳ አትበላም» ሊል አፉን ከፈተ፤
የኔልዳ እጅ ቀደመ።