ቀጭኗ ቱቦ

ሃያ ሁለት ዓመት ቧንቧ ስገጥም ኖሬያለሁ፤
የቱሉ ዲምቱን ፎቅ ሁሉ አንጀቱን አውቀዋለሁ።
የት ጋ እንደሚያፈስ፣ የት ጋ እንደታፈነ
ግድግዳውን በጣቴ መትቼ እናገራለሁ።
ብቻ የኢፍቱ፣ የልጄ ጉሮሮ
መላው እንደጠፋኝ ደረሰ ዘንድሮ።

አንድ ማንኪያ አጥሚት። ትን ይላታል።
ከንፈሯ ይጠቁራል፣ ዓይኗ ይፈጣል፤
እናቷ ጀርባዋን መታ መታ፣
ደግሞ ሌላ ማንኪያ፣ ትንሽ ቆይታ።
ቁርስ የተባለው ምሳ ሰዓት ያልቃል፤
ግማሹ አንገቷ ላይ፣ ልብሷ ላይ ይደርቃል።

ጤና ጣቢያ ሚዛን ላይ አቅፌያት ወጣሁ፤
ከዚያ እሷን ለእናቷ ሰጥቼ ብቻዬን ወጣሁ።
ሲስተር ፅጌማርያም ቀነሰችና ዝም አለች።
ዐሥራ ሦስት ኪሎ።
በዐሥራ አራት ዓመቷ።
እኔ በጀርባዬ የምሸከመው አንድ ከረጢት ሲሚንቶ
ወደ አራት እጥፏ።

ቱቦ ሲባል ሸጊቱ አሻፈረኝ አለች፦
«ልጄን እንደ በርሜል በላስቲክ ልሞላት?
በአፏ ካልጎረሰች ምኑን በላች?
ሰለቻት ቢሉኝስ?»
መልስ አልነበረኝም።
ማንኪያ ሲይዝ የኖረው ጣቷ
ሌሊት እንኳ አይዘረጋም።

ተራ እስኪደርሰን ክረምቱ አለፈ።
አሁን ከእምብርቷ በላይ፣ የሸሚዝ ቁልፍ በምታህል ቀዳዳ
አንዲት ቀጭን ቱቦ ወጥታለች።
ክር የላት፣ ካንጫ የላት፣
ለኔ መፍቻ የምትሆን አይደለች፤
እጄ ተንቀጠቀጠ።

ሲሪንጁን ከፍ አድርጌ ይዣለሁ፤
የተጣራው አጥሚት በገዛ ክብደቱ ይወርዳል።
ሮቶ ጣሪያ ላይ የሚሰቀል ለምን ሆነና?
ቁልቁለት ነው፣ መንገዱን ያውቃል።
መጨረሻ ላይ ውሃ፣ እንዳይደፈን፤
ለሰፈሩ በሳምንት ሁለት ቀን የሚመጣው፣
ለሷ አፍልተን በቴርሞስ የምናስቀምጠው።

ሃያ ደቂቃ። አለቀ።
ሸጊቱ የተረፋት ጊዜ ግራ ገባት፤
ተነሣች፣ ተቀመጠች፣
የማያስፈልገውን ማንኪያ አጠበች፣
ደግማ አጠበች።

ቅዳሜ ከሥራ ስገባ ግን በሩ ላይ ቆሜ አየሁ፦
ጣቷን ሽሮው ጫፍ ላይ ነክራ
የልጇን ከንፈር ትቀባለች።
ለሆድ አይደለም፤ ሆዷ በልቷል።
ኢፍቱ ምላሷን አወጣች። ላሰች።
ፊቷን አጨማደደች፣ ጨው በዝቶባት ነው መሰል፤
እናቷ ሳቀች፣
«ወይ አመል! ወይ አመል!»