ትል የበላው ቅጠል

ከዋርካው ጥላ ሥር፣ በሐይቁ ዳርቻ፣
ባሥራ ሁለት እርሳስ፣ ባንድ ወረቀት ብቻ፣
ሁለት መቶ ክረምት ያለፈው እንሰት
ቀለም ላለብሰው ተነሣሁ በድፍረት።

የሣለው መንገደኛ፣ ባሕር አቋርጦ የመጣ፣
ቀለሙ አልቆበት ይሆናል፤ ወይ ጊዜ አጣ።
መስመሩን ብቻ ትቶልኝ፣ ሥሩን፣ ግንዱን፣ ጅማቱን፣
ከግርጌው በላቲን ጻፈለት አንዲት ስሙን።

አረንጓዴው እርሳስ ከመቅረጫው ሲታገል
አጠረ፣ አጠረ፣ ቀረ የክብሪት እንጨት ያህል።
ነጩ ግን እንደተገዛ ነው፣ ረጅም፣ ጫፉ ሹል፤
ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ሳለ ማን ነጭ ይቀባል?

አባ ኮዳ ቆሟል፣ የዓሣ አንጀት እስኪጣል፣
መላጣ፣ ካፖርት ለባሽ፣ ጡረተኛ ይመስላል።
ከጎኑ እውነተኛው ጡረተኛ፣ ጋሽ ሌዳሞ፣
እርሻ ኮሌጅ ደረቅ ቅጠል ሲጠብቅ የኖረ፣ መነጽሩን አጋድሞ
ገጼን አየና «ይሄ ማነው?» አለኝ።
«ምንድነው?» አላለም።

«እንሰት» አልኩት። ሳቀ።
«እንሰትማ ነው፤ የትኛው ነው?
አዶ ነው? ጋንቲቻ? ሚዳሾ? እናቴ ጓሮ የነበረው
በየስሙ ነበር የሚጠራው፣ እንደ ሰው።
አንዱን፣ ጀርባውን ስትገልጪው፣
አከርካሪው ቀይ ነው፤
ሌላው ገርጣ ያለ። እንግዳው ግን አልጠየቀም፤
ቢጠይቅ፣ ባለ ጓሮዋ ስሙን አትነፍገውም።»

ቀዩን አነሣሁ። በቅጠሉ ወገብ፣ ቀስ ብዬ፣ አንድ መስመር።
ዝም ብሎ አየ። ጉሮሮውን ጠረገ። የሆነ ነገር
ሊለኝ ፈልጎ ተወው።

ከዚያ በጣቱ፣ ከጫፉ ዝቅ ብሎ፣
አንዲት ቀዳዳ አሳየኝ፤ ሠዓሊው ሳይዋሽ ስሎ
ያቆያት፣ ትል የበላት።
ከጠገበ ሁለት መቶ ዓመት የሆነው ትል!

«ይህቺንስ ምን ትቀቢያታለሽ?»
«ባዶ ናት፤ ትቅር።»
«ባዶማ አይደለችም፤ ከቀዳዳ ማዶ አገር አለ።
እዚህ ተቀምጠሽ ብታይባት፣ ሐይቁ ነው» አለ።

ሰማያዊውን አነሣሁ። ሐይቁን አየሁ።
ሰማያዊ አይደለም።
መሀሉ አመድማ ነው፤ ጀልባዎቹ ጋ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል፤
ታቦር ጥላውን የጣለበት ጋ ደግሞ ስም የለውም።
ሣጥኔን ሁለቴ በረበርኩ።

ጋሽ ሌዳሞ ወንበር ሳበ።
«እስኪመሽ ጠብቂ» አለ፣ «ይለዋወጣል።»
ሁለት ሻይ አዘዘ።

መሸ። አጥማጆቹ መረባቸውን ሰቀሉ፤
አባ ኮዳው እግሩን እየጎተተ ተነሣ።
ቅጠሉ አረንጓዴ፣ አከርካሪው ቀይ፣
ቀዳዳዋ ግን እስካሁን ነጭ ናት፤
ሐይቁ አልወሰነም።